‹‹ግሪን›› ያላችሁትን ሕንፃ በኪሎ ንገሩን

አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ መጀመሪያ የሚያልቀው በሥዕል ነው፡፡ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሩፋኤል፣ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ግንባታ የታጠረበትን ቆርቆሮ ልብ ብላችሁ እዩት፡፡ ሥዕሉ ላይ ክረምት የለም፡፡ ጭቃ የለም፣ ሚኒባስ የለም፣ ወያላ የለም፡፡ የጉለሌ ብርድ ግድ የማይሰጣት ዘንባባ በየበረንዳው ተተክላለች፤ ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ ሴት ውሻዋን እየጎተተች ትንሸራሸራለች (የየትኛው ወረዳ ነዋሪ እንደሆነች እስካሁን አልደረስኩበትም)፡፡ ከሥር የባለቤቱ፣ የአማካሪው፣ የተቋራጩ ስም በትልልቁ፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንዲት ቃል ተጨምራለች፤ ‹‹ግሪን››፡፡

ከቃሏ ጋር ጠብ የለኝም፡፡ ጠቤ አብሯት መምጣት ከነበረበትና ካልመጣው ቁጥር ጋር ነው፡፡ ይህ ሕንፃ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል? ስንት ኪሎ ብረት? ሲሚንቶው ሲቃጠል፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ ጠጠሩ በሲኖትራክ ሲጓዝ ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ? ባለቤቱን ጠይቁት፣ አያውቅም፡፡ አማካሪውን ጠይቁት፣ ፈገግ ይላል፡፡ ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ ጠይቁ፣ ‹‹የሚመለከተው ክፍል ስብሰባ ላይ ነው›› ትባላላችሁ፡፡ የሚያስቀው ነገር ቁጥሩ መኖሩ ነው፡፡ ኮምፒውተር ውስጥ ተወልዶ እዚያው የተቀበረ ቁጥር ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ቀብር ነው፡፡

በኮንስትራክሽን ሰዎች ዘንድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአፍ የማትጠፋ ሌላ ቃል አለች፤ ‹‹ቢም››፡፡ ሶሌታ የሚሸከመውን ቢም ማለቴ አይደለም፡፡ የሳይቱን ፎርማን ‹‹እናንተ ጋ ቢም አለ ወይ?›› ብትሉት ‹‹እንዴ! ትናንት አይደል እንዴ የሞላነው!›› ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፡፡ ይኼኛው ቢም የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፤ ባጭሩ ሕንፃን በመስመር ሳይሆን በዕቃ መሳል ማለት ነው፡፡ በድሮው አሳሳል ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግድግዳ መሆኑን አያውቅም፡፡ በቢም ግን ግድግዳው ግድግዳ ነው፤ ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት መሆኑን፣ ርዝመቱን፣ ከፍታውን፣ የልስኑን ውፍረት ያውቃል፡፡ ኮለኑ ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪት እንደሚጠጣ ጠይቁት፣ ወዲያው ይመልሳል፡፡ መስኮቱን ብታሰፉት ብሎኬቱን ራሱ ይቀንሳል፡፡ እንግዲህ ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ‹‹የዚህ አንድ ኪሎ ሲመረት ይህን ያህል ካርቦን ይወጣል›› የሚል አንድ ቁጥር ብታስቀምጡ፣ አንድ መኪና ጠጠር ሳይራገፍ የሕንፃው የካርቦን ሂሳብ ታወቀ ማለት ነው፡፡ ምሥጢሩ ይኼው ነው፡፡ ማባዛት፡፡ ሦስተኛ ክፍል የተማርነው፡፡

የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ስለ ቢም ሲያሰለጥን ዓመታት አልፈዋል፡፡ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያስተምሩታል፡፡ ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ ‹‹ዲጂታል›› የማይል ንግግር አልሰማንም፡፡ ሶፍትዌሩም አለ (ስንቱ በክራክ እንደሚሠራ እዚህ አላነሳም፤ የቤታችን ጉድ ነው)፡፡ ታዲያ ምን ጎደለ?

የቁጥሩን ጉዞ ልንገራችሁ፡፡ አርክቴክቷ ሕንፃውን በአርኪካድ ወይም በሬቪት ትሠራዋለች፡፡ ሞዴሉ ሁሉን ያውቃል፡፡ መጀመሪያ ከሞዴሉ ሥዕሉ ይወጣል፤ ባለቤቱ የሚወደውም የሚከፍልበትም እሱን ነው፡፡ ቀጥሎ ሞዴሉ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጣል፡፡ የመጀመሪያው ሞት ይኼ ነው፤ ግድግዳው ተመልሶ መስመር ሆነ፡፡ የስትራክቸር መሐንዲሱ ከመስመሩ ተነስቶ በኢታብስ የራሱን ሞዴል ከዜሮ ይሠራል፤ ሲጨርስ እሱም ወደ ወረቀት ይገድለዋል፡፡ ኳንቲቲ ሰርቬየሩ ደግሞ የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ካልኩሌተር ይዞ፣ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያወቀውን ቁጥር እንደ አዲስ በእጁ ይቆጥራል፡፡ ሦስት ባለሙያ አንድ ኮለን ሦስት ጊዜ ቆጠረ፡፡ ሦስቱ መልሶች ደግሞ አይገጥሙም፡፡ ልዩነቱን የሚሸፍነው ምንድን ነው? ‹‹መጠባበቂያ›› የሚባል መቶኛ፡፡ መጠባበቂያው መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል? ሲሚንቶና ብረት፡፡

ከዚያ ሳይት እንደርሳለን፡፡ ሳይት ላይ ዋናው የመረጃ ሥርዓት ቴሌግራም ነው፡፡ የተሻሻለው ንድፍ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግሩፕ ውስጥ ይለቀቃል፤ ከበላዩ የልደት ኬክ ፎቶና ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› ይደራረብበታል፤ ጠዋት ፌራዮው ያለፈው ሳምንት ወረቀት ላይ ባለው ልክ ብረቱን ቆርጦ ያስራል፡፡ ስህተቱ የሚታወቀው ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ሲመጣ ነው፡፡ ወይም ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ፡፡ ባለ 12 ሜትሩ ቤርጋ ተቆራርጦ ቁራጩ ጥግ ይከመራል፤ በምን ልክ ቢቆረጥ ቁራጩ እንደሚያንስ በአሥር ደቂቃ የሚያወጣ ፕሮግራም እያለ ማንም አላሰላውም፡፡ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ልስኑ ተለስኖ፣ አለቀ ሲባል ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ መዶሻና መሮ ይዞ ብቅ ይላል፡፡ ከዚያ ያቺ ድምፅ፡፡ ኮንስትራክሽን አጠገብ የኖረ ሁሉ ያውቃታል፤ አዲስ ግድግዳ ሲፈለፈል፡፡ እሱ ሲወጣ ቧንቧ ሠራተኛው ይገባል፡፡ የሚያሳዝነው ቧንቧውም የመብራት መስመሩም በዚያ በኩል እንደሚያልፉ ግድግዳው ሳይቆም ገና የሆነ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መታወቁ ነው፡፡ የተፈለፈለው ሲሚንቶ፣ የሚደፈንበት ሲሚንቶ፣ ቆሻሻው ደግሞ ገልባጭ መኪና ተከራይቶለት ከተማ አቋርጦ ይደፋል፡፡ ቢም ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ ጸጥ ማሰኘት የነበረበት ያቺን ድምፅ ነበር፡፡ እሱ ግን የገባው በፕሮጀክተር ላይ ነው፡፡

‹‹ካርቦን ካርቦን ትላለህ፣ ለምን ሲሚንቶ ላይ ብቻ ትንጫጫለህ? የኤሌክትሪኩስ? የኤሲውስ?›› የሚል አይጠፋም፡፡ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የፈረንጅ ‹‹ግሪን ሕንፃ›› መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው፡፡ በበርሊን ወይም በቶሮንቶ ሕንፃ ዕድሜውን ሙሉ ካርቦን ይተፋል፤ ክረምት በጋዝ መሞቅ አለበት፣ በጋ መቀዝቀዝ አለበት፡፡ ስለዚህ እነሱ ግድግዳ ስለማወፈር፣ መስኮት ስለመደረብ ቢያወሩ ልክ ናቸው፡፡ እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ ነው፡፡ ቤታችንን በጋዝ አናሞቅም፤ ሽሮ ሜዳ ሲበርድ ማሞቂያው ጋቢ ነው፡፡ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ይመጣል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የውኃው ድርሻ የባሰ ከብዷል፡፡ እንግዲህ የአንድ ጉለሌ ውስጥ ያለ ጂ ፕላስ ፎር ካርቦን በአብዛኛው የሚወጣው ተከራዩ የመጀመሪያዋን አምፖል ከማብራቱ በፊት ነው፡፡ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ አልሙኒየሙ፣ መስታወቱ፣ ናፍጣው፡፡ ከገባን በኋላ ብዙም አንበክልም፤ ከመግባታችን በፊት ጨርሰነዋል፡፡ (በመስታወት ተጠቅልሎ ፀሐይ ሲያበስለው ኤሲ የሚገጠምለትን ቢሮ ሳይጨምር፡፡ እንጦጦ ሥር ተቀምጦ ኤሲ! ይህን ሌላ ቀን እንመጣበታለን፡፡)

ሲሚንቶ ደግሞ ተራ ወንጀለኛ አይደለም፡፡ የኖራ ድንጋይ ከሌሎች አፈሮች ጋር 1,450 ዲግሪ ገደማ ላይ ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል፡፡ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ሆድ ነው፡፡ ስለዚህ ‹‹በህዳሴው መብራት እናቃጥለው›› ብሎ ማምለጥም አይቻልም፡፡ አንድ ቶን መደበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶ በግምት 800 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፡፡ ዓለም ከሚተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶው ከሲሚንቶ ነው፤ አውሮፕላኖች ሁሉ ተደምረው አይደርሱበትም፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ ያገኛችሁትን የሕንፃ ጨረታ ሰነድ ክፈቱና የኮንክሪቱን ዝርዝር ፈልጉ፡፡ በተለመደው ቀመር ‹‹ሲ-25 ኮንክሪት፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ›› ይላል፡፡ ሲ-25 ጥንካሬው ነው፡፡ 360 ኪሎው ምንድን ነው? ወጥ ሠሪ ቀጥራችሁ ‹‹የሚጣፍጥ ወጥ ሥሪ›› ማለት አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ጣፈጠም አልጣፈጠም ይህን ያህል ማንኪያ በርበሬ ጨምሪ›› ማለት ሌላ ነው፡፡ የእኛ ሰነድ ሁለቱንም ያዝዛል፡፡ አሸዋው ንጹሕ ቢሆን፣ ጠጠሩ ተመጥኖ ቢገባ፣ ውኃው ቢለካ፣ ቫይብሬተሩ ቢሠራ፣ ለዚያው ጥንካሬ ከዚያ ያነሰ ሲሚንቶ ሊበቃ ይችላል፡፡ ግን ማን አንብቦ? ወረቀቱ 360 ብሏል፡፡

ይህ ቁጥር ከቂልነት የመጣ አይደለም፤ ከፍርሃት የመጣ ነው፡፡ ንድፍ የሠራው መሐንዲስ ሳይቱን ያውቀዋል፡፡ አሸዋና ጠጠር በእንጨት ሳጥን እንደሚሰፈር፣ ሳጥኑ አንዳንዴ ሙሉ አንዳንዴ ጎደሎ እንደሆነ ያውቃል፡፡ ኮንክሪቱ ሲጠነክርባቸው ሠራተኞቹ በባልዲ ውኃ እንደሚጨምሩበት ያውቃል፤ ውኃ ሲበዛ ጥንካሬ እንደሚቀንስ ያውቃል፡፡ ከመጋዘን የሚወጣው ሲሚንቶ ሁሉ ሚክሰር ውስጥ እንደማይደርስም ያውቃል፤ እዚህ ላይ ዝርዝር አልገባም፡፡ ስለዚህ ለባልዲው ትንሽ፣ ለሳጥኑ ትንሽ፣ ለሌባው ትንሽ እያለ ሲሚንቶውን ከፍ ያደርገዋል፡፡ ሳይቱ ላይ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው መረጃ ስለሌለ አለማወቁን በሲሚንቶ ይሸፍናል፡፡ ሂሳቡን ባለቤቱ በብር ይከፍላል፣ ሰማዩ በካርቦን፡፡

በቁጥር እንየው፡፡ አንድ ጂ ፕላስ ፎር 500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይጠጣል እንበል፡፡ በ360 ኪሎ ሂሳብ 180 ቶን ሲሚንቶ ነው፤ 1,800 ኩንታል፡፡ ካርቦኑ 144 ቶን ገደማ፡፡ በደንብ በተመጠነና በተመረመረ ቅልቅል ወደ 310 ኪሎ መውረድ ቢቻል 250 ኩንታል ሲሚንቶና 20 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀረ ማለት ነው፡፡ ያውም አንድ ክፍል ሳይጠብ፣ አንድ ፎቅ ሳይቀነስ፡፡ (አደራ! ይህን አንብቦ ነገ ሳይት ሄዶ ‹‹ሲሚንቶ ቀንሱ፣ ብሎግ ላይ ወጥቷል›› የሚል ባለቤት ካለ ተጠያቂ አይደለሁም፡፡ ሕንፃ የሚፈርሰው በእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው፡፡ የሚቀነሰው በሙከራ ነው፣ በመሐንዲስ ፊርማ ነው፡፡)

ሙከራው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ድሮም ይደረጋል፡፡ ከእያንዳንዱ ሙሌት ናሙና ኩብ ይወሰዳል፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ይጨፈለቃል፣ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል፡፡ ወረቀቱ የት ይገባል? ቦክስ ፋይል ውስጥ፡፡ ለምን? ክፍያ ሲጠየቅ እንዲያያዝ፡፡ የመጀመሪያው ፎቅ ውጤት ከሚፈለገው በብዙ በልጦ ቢመጣ፣ ለሁለተኛው ፎቅ ቅልቅሉን እናስተካክለው የሚል ሰው አታገኙም፡፡ ውጤቱ ከሚፈለገው በላይ መሆኑ ‹‹አልፏል›› ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም፡፡ የዲጂታል መረጃ ሥርዓት ስል በሚሊዮን ብር የሚገዛ ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ የትኛው ኮለን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሲሚንቶ፣ በምን ያህል ውኃ ተሞላ፣ ኩቡ ስንት አመጣ? ይህን በኤክሴል የሚሞላ አንድ ልጅና ያንን በየሳምንቱ የሚያነብ አንድ መሐንዲስ፡፡ ሳይቱ ላይ ሁለቱም አሉ፡፡ ልጁ አሁን የሠራተኞች የቀን ሂሳብ እየሞላ ነው፤ መሐንዲሱ ቴሌግራም ላይ ነው፡፡

ሽሮ ሜዳ የሚሸምነውን ሰው እዩት፡፡ ጋቢ ሊሠራ ሲነሳ ድሩ ስንት ክንድ እንደሚሆን፣ ማጉ ምን ያህል እንደሚበላ መጀመሪያ ይቆጥራል፤ ሳይቆጥር ዕቃው ላይ አይቀመጥም፡፡ ፈትሉን የሚገዛው በገንዘቡ ነዋ፡፡

የሲሚንቶውን ዓይነትም ሳንነካ አንለፍ፡፡ ገበያችን ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ኦፒሲና ፒፒሲ፡፡ ፒፒሲው ከክሊንከሩ ከፊሉ በፑሚስ፣ በስምጥ ሸለቆአችን በሞላው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተተካ ነው፤ ክሊንከሩ ባነሰ ቁጥር ካርቦኑ ያንሳል፡፡ መንግሥት ራሱ በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ክሊንከርን በፑሚስ መተካት ከሲሚንቶ ዘርፍ መፍትሔዎች አንዱ መሆኑን ጽፎታል፡፡ ሳይት ላይ ግን ‹‹ኦፒሲ ለስትራክቸር፣ ፒፒሲ ለልስን›› የሚል ሃይማኖት የመሰለ ልማድ አለ፡፡ ለአንዳንዱ ሥራ ትክክል ነው፡፡ ለመሠረትና ቶሎ ፎርምወርክ ለማይነቀልለት ሙሌት ግን መመርመር ያለበት ነገር ነው፤ ለመመርመር ደግሞ ውጤት ተመዝግቦ መገኘት አለበት፡፡ ዓለም አሁን የደረሰበት ሌላው መንገድ ከክሊንከሩ ግማሽ ያህሉን በተቃጠለ ሸክላ አፈርና በኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚተካ ሲሚንቶ ነው፤ ካርቦኑን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል ይባልለታል፤ ሸክላው የሚፈልገው ሙቀት ከ850 ዲግሪ አይበልጥም፡፡ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፡፡ አፈር አቃጥለው ሲያጠነክሩ ትውልድ አልፎባቸው፣ ለሙያቸው የተሰጣቸው ስድብ ነበር፡፡

‹‹ደሃ አገር ነን፣ ካርቦን የሀብታም ጭንቀት ነው›› ለሚለው ወዳጄ፡፡ ኢትዮጵያ በዓለም ካርቦን ውስጥ ያላት ድርሻ ኢምንት እንደሆነ አውቃለሁ፡፡ ግን እዚህ ጉዳይ ላይ ካርቦኑና ብሩ አንድ ዓምድ ላይ ነው የተጻፉት፡፡ ሲሚንቶ በደብዳቤና በወረፋ የተገዛበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፡፡ ብረት ወይም የብረቱ ጥሬ ዕቃ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንዲት ቤርጋ ስንት እንደምትገባ የሚሠራ ሰው ጠይቁ፡፡ ያለ አግባብ የተሞላ እያንዳንዱ ኪሎ ኪራይ ላይ ይደመራል፤ ኪራዩን የሚከፍለው ደግሞ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ናችሁ፡፡ ስለ ከባቢ አየር ግድ ባይሰጣችሁ እንኳ ስለ ወር መጨረሻ ይሰጣችኋል፡፡ ከ2004ቱ ስትራቴጂ ውስጥ አንድ ቁጥር ልጥቀስና ልለፈው፤ ነገሩ በነበረበት ቢቀጥል የኢንዱስትሪው ልቀት በ20 ዓመት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ወደ 71 ሚሊዮን ቶን ይወጣል ብሎ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ሲሚንቶ፡፡ መስከረም 2017 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ግዙፉ ፋብሪካ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ሲሚንቶ ያስፈልገናላ፡፡ ስለሚያስፈልገን ነው መቆጠር ያለበት፡፡

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙም አሉ፡፡ ኮምፒውተር ከገባ ሁሉ ነገር ይስተካከላል የሚሉ፡፡ ለእነሱ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.ን ላስታውሳቸው፡፡ ከ25 ሺ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓት፣ በካሜራ ፊት፣ በክብር እንግዶች መካከል ወጣ፡፡ ከቀናት በኋላ ያልቆጠቡ ሰዎች ዳታ ውስጥ ገብተው መገኘታቸው ተነገረና ዕጣው ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ፡፡ ኮምፒውተሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ የሰጡትን ነው ያወጣው፡፡ የካርቦን ሂሳብም እንደዚያ ነው፡፡ ከቢሮ የተላከው ሞዴል 310 እያለ ሳይት ላይ 380 የሚገባ ከሆነ፣ ያገኘነው በዲጂታል የታሸገ ውሸት ነው፡፡ ስለዚህ ቁጥሩ ለአለቃ ብቻ የሚታይ ሳይሆን ለሁላችንም የሚታይ መሆን አለበት፤ ገዥው፣ ተከራዩ፣ ጎረቤቱ፣ ተማሪው እንዲያየው፡፡ ያኔ የሚያጭበረብር ቢኖር እንኳ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይጋለጣል፡፡

ሌላም መቆጠር ያለበት ነገር አለ፤ የምናፈርሰው፡፡ ጉለሌ ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰፈር ነው፡፡ አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን እንጨት አልቆባት ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፡፡ እንጦጦ ተዳፋት ላይ በቅሎ፣ እናቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው አውርደውት፣ የከተማዋ ጭቃ ቤት ሁሉ ቋሚና ማገር ሆነ፡፡ ዛሬም ኮንክሪቱን የሚደግፈው፣ ሠራተኛውን ፎቅ ላይ የሚያወጣው አጠና ነው፡፡ ጭቃ ቤቱ ኋላቀር ተባለ፤ ግድግዳው ግን ካርቦን ሲተፋ አልነበረም፣ ይዞ ነው የኖረው፡፡ ‹‹ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ›› አላልኩም፤ ዝናብ ያፈሰሰበት ጣራ ሥር ያላደረ ነው እንደዚያ የሚያወራው፡፡ ግን በ2003 ዓ.ም. ገደማ ልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ጋር ሆኖ ከታመቀ አፈር ግድግዳና ከአፈር ሸክላ ቅስት ባለ ሁለት ደረጃ ቤት ሠርቶ አሳይቷል፡፡ ስንቶቻችን ሄደን አየነው? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስና የኮሪደር ልማቱ ሲስፋፋ ደግሞ ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ስንት ጣውላ፣ ስንት ቶን ብረት እንደወጣ፣ የትኛው ለሌላ ሥራ እንደዋለ፣ የትኛው እንደተደፋ የሚነግረን የተከፈተ መዝገብ አላየሁም፡፡ ያሮጌ ሕንፃ ካርቦኑ ተከፍሎ ያለቀ ነው፡፡ ስናፈርሰው ደረሰኙን ቀድደን እንደ አዲስ እንከፍላለን፡፡ ማፍረሱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ሂሳብ ከመዶሻው በፊት ይምጣ፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2015 ከ5,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ንድፉ በቢም ካልገባ ፈቃድ አልሰጥም ብላለች፡፡ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች የካርቦን ጣሪያ አስቀመጠች፤ ያኔ በካሬ ሜትር በዓመት 12 ኪሎ ነበር፡፡ እኛ ጣሪያውን ገና አንችልም፤ ወለሉን የማናውቅ ሰዎች ጣሪያ ብናወጣ መቀለጃ ነው የምንሆነው፡፡ የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ከፍ ባሉት፣ በምድብ ‹‹ሐ›› በተባሉት ዓይነት ሕንፃዎች እንጀምር፡፡ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከንድፉ ጋር አንድ ገጽ ያስገባ፤ ኮንክሪት ይህን ያህል ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶ ይህን ያህል ኩንታል፣ ብረት ይህን ያህል ቶን፣ ብሎኬት፣ መስታወት፣ አልሙኒየም፡፡ በካሬ ሜትር ሲካፈል ይህን ያህል፡፡ ሕንፃው አልቆ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ገጽ፤ በትክክል የገባው ይህን ያህል፡፡ ሁለቱ ገጾች ድረ ገጽ ላይ ይውጡ፡፡ አይከለከል፣ አይቀጣ፣ ይታይ ብቻ፡፡ መሐንዲስ የሚፎካከር ፍጡር ነው፤ ጎረቤቱ በ280 የሠራውን እሱ በ400 መሥራቱ ከታየ እንቅልፍ አይወስደውም፡፡

የሚቃወሙ እንደሚኖሩ ከወዲሁ አውቃለሁ፡፡ ‹‹ባለሀብቱን ያጉላላል›› ይባላል፡፡ የሲሚንቶውን ቁጥር ሳያውቅ ግንባታ የጀመረ ባለሀብት የተጉላላው ያኔ ነው፡፡ ‹‹ሶፍትዌሩ ውድ ነው›› ይባላል፡፡ ገጹን ለመሙላት ኤክሴል ይበቃል፤ ቢም ያለው ደግሞ አንድ ቁልፍ ይጫናል፡፡ ‹‹የእኛ አገር የካርቦን ቁጥር የለም፣ ያለው የአውሮፓ ነው›› ይባላል፡፡ ይኼኛው እውነት አለው፡፡ የአውሮፓ ፋብሪካ ሲሚንቶና የሙገር ሲሚንቶ በአንድ ነዳጅ አልተቃጠሉም፣ በአንድ መንገድ አልተጓጓዙም፣ ክሊንከራቸውም እኩል አይደለም፡፡ በተዋስነው ቁጥር ብናባዛ የተዋስነውን መልስ ነው የምናገኘው፡፡ ስለዚህ ጥያቄው ወደ ፋብሪካዎቹ ይዙር፤ ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ መሰቦ፣ ለሚ፡፡ ከረጢቱ ላይ 32.5 ወይም 42.5 ተብሎ ጥንካሬው ታትሟል፤ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ከእሱ አጠገብ ለሁለት ቁጥሮች የሚሆን ቦታ አለ፤ ውስጡ ያለው ክሊንከር በመቶኛ፣ አንዱ ከረጢት ሲመረት የወጣው ካርቦን በኪሎ፡፡ ቀለሙ ያው ቀለም ነው፤ ማተሚያውም ያው ማተሚያ፡፡